ጊቤ ዳር ከተማ የሌለው ለምንድነው?

የቆጪ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ። እኔ ጅማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ ቆጪ ሰፈር። ከልጅነቴ ጀምሮ ጊቤ ጊቤ ሲባል ነው የሰማሁት። ታሪክ ላይ የጊቤ መንግሥታት ይባላል፣ መብራቱ ከጊቤ ይመጣል፣ ከአዲስ አበባ ስትመለስም ጊቤን ከተሻገርክ ቤት የገባህ ያህል ነው የሚሰማህ። ግን አስባችሁት ታውቃላችሁ? ጊቤ ዳር ይህ ነው የሚባል ከተማ የለም! ወልቂጤ ከወዲያ ደጋው ላይ፣ አበልቲ ከወዲህ አፋፉ ላይ፣ መሀል ላይ ወንዙና ድልድዩ። ሌላ አገር እኮ ከተማ ወንዝ ተከትሎ ነው የሚቆረቆረው፤ ካይሮን በሉት ካርቱምን። ባሕር ዳርስ ብትሆን ዓባይና ጣና አጠገብ አይደለች? እኛ ጋ ሰው ከወንዙ ሸሽቶ ጋራ ላይ የወጣው ምን ሆኖ ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ ከአጎቴ ልጅ ጋር የተከራከርንበት ነው። እሱ የአካባቢያችንን ትናንሽ ከተሞች፣ አሰንዳቦንና ደነባን፣ የፈጠራቸው በግልገል ጊቤ (በጊቤ ገባር ወንዝ) ላይ የተሠራው ግድብ ነው፣ ከዚያ በፊት ጫካ ነበር ይላል። እኔ ደግሞ የለም፣ ከዚያ በፊትም የታወቁ ናቸው እላለሁ፤ ማስረጃ አምጣ ሲለኝ ግን አፌ ተያዘ። ታሪካቸውን የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ። ረጅም ቢሆንም አነባለሁ።

ሰርቦ በር፦
ወባ እና ገንዲ። ሌላ ምክንያት አትፈልግ ወንድሜ።

የቆጪ ልጅ፦
ቅቅቅ፣ አጭርና ግልጽ። ግን ወባማ ጅማ ከተማም ነበረ እኮ። ዝም ብለህ አትለፈኝ፣ ዘርዘር አድርገው እንጂ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ሰርቦ በር ያለው ልክ ነው፤ ግን ነገሩ እዚያ ላይ አያበቃም።

መጀመሪያ መሬቱን አስበው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1700 ሜትር ከፍ ትላለች። የጊቤ ድልድይ ጋ ስትወርድ 1100 ሜትር ገደማ ትደርሳለህ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ ሹራቡን እያወለቀ መስኮት ክፈቱ መስኮት ክፈቱ የሚባባለው እዚያ ነው። ያ ሙቀት ለወባ ትንኝ ይመቻታል። ከወባ ደግሞ የባሰው የቆላ ዝንብ ነው። ከብቱን ሲነክሰው ገንዲ ይይዘዋል፤ ከብቱ እየበላ ይከሳል፣ ጸጉሩ ይቆማል፣ ላሟ ወተት ትነጥፋለች፣ በሬው ቀንበር መሸከም ያቅተዋል፣ ካልታከመ ይሞታል። ገበሬ ያለ በሬ ምን ሊያርስ ነው? ሰው ሸለቆውን ለጉማሬና ለከርከሮ ትቶ ወይና ደጋው ላይ የሰፈረው ወዶ አይደለም።

ቀጥሎ ያለው የመንግሥት ጉዳይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጊቤ አካባቢ አምስት መንግሥታት ነበሩ፤ ሊሙ-እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ እና ጅማ። እርስ በርስ ይዋጉ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ በድንበሩ ላይ ሰው የማይሰፍርበት መሬት ይተዋል፤ ሞጋ ይሉታል። እዚያ ማረስ ክልክል ነው። ከሞጋው ወዲህ ጥልቅ ቦይ ይቆፈራል፣ ቦዩን የሚያሻግረው መንገድ ላይ ኬላ ይቆማል። ኬላው ላይ አባ ኬላ አለ፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ነጋዴው ምን ጭኗል የሚለውን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ቀረጡም እዚያው ነው የሚከፈለው። ንጉሡ ሳያውቅ ዝም ብሎ የሚሻገር የለም። እንግዲህ ድንበሩ ሆን ተብሎ ባዶ በሚተውበት አገር ወንዝ ዳር ከተማ ልቆርቁር የሚል ማን ነው?

ባዶው መሬት ግን ለነገሥታቱ ትልቅ ሀብት ነበር፤ ምክንያቱም ንግዱ በዚያ ያልፋል። የሊሙው ንጉሥ አባ ባጊቦ በገነነበት ዘመን ዋናው ገበያ ሰቃ ላይ ነበር። ዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ማር፣ ዝባድ (ከጥርኝ የሚገኘው ሽቶ) ከደቡብና ከምዕራብ ይመጣል፤ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና የማርትሬዛ ብር ከሰሜን ይገባል። ዝባዱን ነጋዴዎቹ በቀንድ ውስጥ አሽገው ነበር የሚይዙት፤ ቀንዱ ትንሽ ነው፣ ዋጋው ግን የበቅሎ ጭነት ያስንቃል። ጅማ ደግሞ በ1839 ዓ.ም. ገደማ ባዲ ፎላን ያዘች። ባዲ ፎላ ከሊሙ ወደ ሸዋ የሚሄደው የሲራራ ነጋዴ የሚያልፍበት ቦታ ነው። ከዚያ ወዲህ ንግዱ ወደ ጅማ አደላ፣ የጅማ ገበያ ሂርማታ ከፍ አለች፣ ሰቃ ዝቅ አለች። እኔ የዚህን አካባቢ ታሪክ ሳስበው ሁሉ ነገር የሚዞረው መሻገሪያው ላይ ነው። ውሃውማ ለማንም አላገለገለም፤ ጀልባ አይሄድበት፣ መስኖ አይወጣበት። መሻገሪያውን የያዘ ግን ከበረ። ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የተዋጉትም ከጊቤ ማዶ ያለውን ሀብት ማን ይያዝ በሚል ነው።

ስለ አሰንዳቦ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ክርክሩ ላይ እንዳትጠመድ። የድሮ የአውሮፓ ተጓዦችና ሚሲዮናውያን ጽሑፍ ውስጥ አሰንዳቦ የሚባል ትልቅ ገበያ ታገኛለህ። ይህ የጉድሩ አሰንዳቦ ነው፤ ከጊቤ በስተ ሰሜን፣ ወደ ዓባይ ጠጋ ብሎ። የኛው የኦሞ ናዳው አሰንዳቦ ሌላ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሁለቱን አንድ አድርገው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። የአጎትህ ልጅ ይህን ካወቀ ያፋጥጥሃል። ሆኖም የኛም አሰንዳቦ ቢሆን ከግድቡ በፊት የነበረ የመንገድ ከተማ ነው፤ የጅማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ግድቡ ገና ሳይታሰብ መኪና እዚያ ያድር ነበር።

የቆጪ ልጅ፦
መምህር እግዜር ይስጥልኝ! የጉድሩንማ ይዤ ልሄድ ነበር፣ ተረፍኩ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ የጅማ ኬላዎች የት የት ነበሩ? ምልክታቸው አሁን ይታያል?

ከአፋፉ ላይ፦
እኔ አበልቲ ነው የተወለድኩት፤ አሁን ጅማ ነው የምኖረው። መምህር ስለ መሻገሪያው ያሉት እውነት ነው። አበልቲ ማለት በቃ ከበረሃው ወጥተህ መጀመሪያ የምትተነፍስባት ቦታ ናት። እኛ ልጆች ሆነን ገደሉን የወጣ የጭነት መኪና ገና ሳይታይ ነው የምናውቀው፤ በከባድ ማርሽ ሲያቃስት ከሩቅ ይሰማል። የሚወርደው ደግሞ የፍሬኑ ሽታ ቀድሞት ይመጣል። ሾፌሮች ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት ወርደው ጎማ በእግራቸው እየመቱ ያያሉ፣ ረዳቱ ድንጋይ ይዞ ከኋላ ይቆማል፣ ውሃ ይጨመራል፣ እኛ እንቁላልና ሸንኮራ እንሸጣለን። ከተማዋ የበላችው ከዚያ ነው እንጂ ከወንዙማ ማን ምን አገኘ፤ ለውሃ እንኳ ወደ ጊቤ የወረደ ሰው አላውቅም፣ ምንጭ ነበር የምንቀዳው።

ታሪክ ከተባለ ደግሞ የጣሊያንን አትርሱ። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ በዓል ነው። ጅማ ግን ያኔ ነጻ አልወጣችም። ጣሊያን ጊቤን እንደ አጥር ይዞ አበልቲ በኩል መሽጎ ነበር። ወሩ ግንቦት፣ ዝናቡ ገብቷል፣ ወንዙ ሞልቷል። የእንግሊዝ ጦር ውስጥ የነበሩት ናይጄሪያውያንና ምሥራቅ አፍሪካውያን ወታደሮች ናቸው በግንቦት መጨረሻ በዚያ ሙላት የተሻገሩት። ጊቤ ወደ ታች ሲወርድ ኦሞ ስለሚባል እንግሊዞቹ ኦሞን ተሻገርን ብለው ነው የጻፉት፤ ስለዚህ መጽሐፍ ውስጥ ጊቤ ብላችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም። አያቴ መድፉ ሲያጓራ ከብት ሁሉ በረት ጥሶ ጠፋ ይለን ነበር። ጅማ የተለቀቀችው ሰኔ 14 ነው። በዚህ ላይ የእነ ገረሱ ዱኪ አርበኞች በዚያ በኩል ለዓመታት ጣሊያንን እንቅልፍ ነስተውት ነበር፤ ገረሱ በፈረስ ስማቸው አባ ቦራ ሲባሉ ያልሰማ የአካባቢያችን ሽማግሌ የለም።

ባኮ ያደግሁ፦
ጥሩ ነው ግን ጥያቄው ራሱ ትንሽ ተጋኗል ባይ ነኝ። ባኮ ጊቤ አጠገብ አይደለችም እንዴ? እዚያ ወንዙ ገና ከላይኛው ክፍል ስለሆነ ገደል የለውም፣ ሰውም ከተማም አለ። ጅማ ራሷስ? አዌቱ መሀሏን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። አዌቱ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ቦዬ ረግረግ ገብቶ ወደ ግልገል ጊቤ ነው የሚሄደው። እንግዲህ የጅማ ሕዝብ ሁሉ ጊቤ ዳር ነው የሚኖረው ማለት ነው፣ ሳያውቀው 😄

ጡረተኛው መምህር፦
ባኮን በማንሳትህ ደስ ብሎኛል፣ እውነት ነው፣ ግን ባኮም ብትሆን በገንዲ ስትሰቃይ የኖረች ናት። የጅማው ግን ተንኮል አለበት። የድሮዋ ጅማ እኮ ሜዳው ላይ አልነበረችም። ቤተ መንግሥቱ ጅሬን ነው፣ ጋራው ላይ። ሁለተኛው አባ ጅፋር ከ1870ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከ50 ዓመት በላይ የገዙት ከዚያ ሆነው ነው። ሄዳችሁ ሰገነቱ ላይ ስትቆሙ ከተማው በሙሉ ከእግራችሁ ሥር ነው። ሜዳው ላይ የነበረው ሂርማታ ነው፣ ገበያው። ሐሙስ ሐሙስ ከየአቅጣጫው ሕዝብ ይመጣል፣ ይገበያያል፣ ይበተናል። ዛሬም የጅማ ትልቁ ገበያ ሐሙስ አይደል? ያን ጊዜ ንጉሡ ላይ፣ ገበያው ታች ነበር። እናታቸው ጉሚቲ ብልህ ሴት ነበሩ፤ ከምኒልክ ጋር ከመዋጋት መገበር ይሻላል ብለው መከሯቸው፣ ስለዚህ ሌሎቹ የጊቤ መንግሥታት ሲፈርሱ ጅማ ግብር እየከፈለች የውስጥ አስተዳደሯን እስከ 1924 ዓ.ም. ገደማ ይዛ ቆየች።

አዌቱ ዳር ያለውን ሜዳ ከተማ ያደረገው በአብዛኛው ጣሊያን ነው። የደቡብ ምዕራቡን ግዛት ዋና ከተማ ጅማ ላይ ሲያደርግ ጅሬንን ትቶ ታች ሜዳው ላይ መንገድ አወጣ፣ ቢሮ ሠራ፣ ሱቅ ከፈተ። ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ሰፈር ስሙን ከየት ያመጣው ይመስላችኋል? የጥንቱ ሰው ያን ረግረግ አጠገብ ቤት አይሠራም ነበር። አሁን በየክረምቱ አዌቱ ሲሞላ የሚጮኸው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሊሙ ነኝ፦
ሁላችሁም ንግዱ ንግዱ ትላላችሁ፤ ዝባድ፣ ዝሆን ጥርስ፣ ቡና። ሰዎች፣ ሰውም ይሸጥ ነበር እኮ! ሰቃም ሂርማታም ላይ። በጦርነት የተማረከ፣ በዕዳ የተያዘ፣ ከከፋና ከዚያም ወዲያ ታፍኖ የመጣ፣ በሰንሰለት ጊቤን ተሻግሮ ወደ ሰሜንና ወደ ባሕሩ ይነዳ ነበር። ኬላው ላይ ቀረጥ ሲከፈል በነፍስ ወከፍ የሚከፈልበትም ነበር። ስለ ቤተ መንግሥቱ ውበት ስናወራ ይህን ስንዘል ደስ አይለኝም። እኔ የሊሙ ልጅ ነኝ፣ በአባ ባጊቦ እኮራለሁ፤ ቢሆንም ታሪክ ከተባለ ሁሉም ይነገር። በየመንደሩ የዚያ ዘመን ልጆች አሁንም አሉ፤ ማን ከየት እንደመጣ ሽማግሌ ያውቃል፣ አፍ አውጥቶ ግን አይናገርም፣ ለጋብቻ ሲሆን ብቻ ነው ዞር ብለው የሚንሾካሾኩት።

ጡረተኛው መምህር፦
ልክ ነህ። መጻፍ አለበት። ሌላው ቀርቶ ያ ባዶ መሬት፣ ያ ቦይና ያ ኬላ የተሠራው ጠላት እንዳይገባ ብቻ አልነበረም፤ ከውስጥ የሚያመልጥም በዚያ ማለፍ ስለማይችል ነው።

ዶክተር ከብት፦
የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ጊቤ በረሃ ውስጥ ሠርቻለሁ። ገንዲን በተመለከተ ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም ጥያቄው "ለምን ሰው የለም" ከሆነ መልሱ በኛ ዕድሜ ተቀይሯል።

ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ባለሙያዎች ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ የጊቤን ሸለቆ ከብት በየወሩ ደሙን እየመረመሩ ይከታተሉ ነበር። ከዚያ ዝንቡን መዋጋት ተጀመረ። መንገድ ላይ ስታልፉ ቁጥቋጦ መሀል የተሰቀለ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ሰው ለወፍ ማባረሪያ ይመስለዋል። የዝንቡ ወጥመድ ነው። የቆላ ዝንብ ሰማያዊ ቀለም ይስበዋል፤ ከሥሩ ደግሞ የላም ሽንትና አሴቶን በጠርሙስ ይቀመጣል፣ ሽታው ከብት ያለ ያስመስላል። ዝንቡ መጥቶ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ መድኃኒቱ ይገድለዋል። ችግሩ ጨርቁ ጥሩ ጨርቅ ነው፤ ሰው ይወስደዋል፣ ለልጅ ሱሪ ይሆናል። አንዴ እንደዚያ ያለ ሱሪ የለበሰ እረኛ አይቼ ስቄ ሞቻለሁ፤ ልጁ ራሱ ወጥመድ ሆኖ ነበር የሚዞረው። በኋላ ግን በከብቱ ጀርባ ላይ የሚፈስ መድኃኒት መጣ፣ ይሄ ይሻላል፤ ከብቱ ራሱ እየጋጠ ዝንብ ይገድላል፣ ገበሬውም መዥገሩ ስለሚረግፍለት ገንዘቡን ሰጥቶ ነው የሚያስቀባው።

ዝንቡ ሲቀንስ ምን ሆነ? ሰው ወረደ። በሬ መኖር ሲችል እርሻ ሆነ፣ እርሻ ሲሆን ጎጆ ሆነ። በደርግ ጊዜም በመንደር ምሥረታና በሰፈራ የወረደ አለ። አሁን ከድልድዩ ግራና ቀኝ በሄዳችሁ ቁጥር በቆሎ ነው የምታዩት፣ ማንጎና ፓፓያም አለ። ጉማሬዎቹ ተጨንቀዋል። ስለዚህ ጠያቂው ከተማ የለም ቢልም መንደሩ እየመጣ ነው፤ ከተማውም ይመጣል፣ ሃምሳ ዓመት አይፈጅም።

ውሃ የበላው መሬት፦
እኔ ብዙ አልጽፍም ብዬ ነበር፤ ግን የግድቡ ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አቃተኝ።

የእናቴ ወገኖች የነበሩበት መሬት አሁን ሐይቅ ነው። ግልገል ጊቤ አንድ ሲሠራ ከተነሱት ናቸው። ሥራው በደርግ ጊዜ ተጀምሮ ቆሞ ነበር፣ ያኔ "ትነሳላችሁ" ተብለው ሳይነሱ ቀሩ፤ ስለዚህ ሰዎቹ ዳግመኛ ሲመጡ ማንም አላመነም። አጎቴ የዚያን ዓመት ቡና ተክሏል! ግድቡ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ 184 ሜጋ ዋት። ቆርቆሮ ቤት ተሰጣቸው፣ መሬትም ተሰጣቸው፣ ግን መሬቱ እንደ ጊቤ ዳሩ አልሆነም፤ የጊቤ ዳር መሬት ክረምት ውሃው ያለብሰዋል፣ ሲሸሽ ጥቁር አፈር ትቶ ይሄዳል፣ በበጋም ሳር አይጠፋም። ከብት የነበረው ሰው ነው የተጎዳው። የካሳውን ነገር ባላነሳው ይሻላል፤ ወረቀቱን ከቢሮ ቢሮ ሲያመላልሱት የኖረ ሰው ቤታችን ውስጥ አለ። መብራት ደግሞ ለነሱ መንደር የገባው ሐይቁ ከሞላ በኋላ ስንት ዘመን ቆይቶ ነው። ምሰሶው በጓሯቸው እያለፈ በኩራዝ ነበር የሚያመሹት።

ስለ ደነባ ለጠየቅከው፦ ግድቡ ከተማ አልፈጠረም፣ አሰፋው እንጂ። የሠራተኛው ካምፕ መጣ፣ የምግብ ቤት፣ የአልጋ፣ የጋራዥ ሥራ መጣ፣ ሠሪው የጣሊያን ኩባንያ ስለነበር ጣሊያንኛ ትንሽ ትንሽ የሚሞክር ጎረምሳ በዛ። ሲያልቅ ሥራውም ቀነሰ። ወባ ግን ቀረ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በሐይቁ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ልጆችን መርምረው ለውሃው ቅርብ የሆኑት ላይ ወባ እንደሚበዛ ጽፈዋል። በኋላ አጎበር ሲሰጥ፣ ቤት ሲረጭ ቀንሷል፣ እሱን መካድ አይቻልም።

ባለ ሁለተኛ ቤት፦
ግን ግልገል ጊቤ ሁለት የትኛው ነው? ሁልጊዜ ይምታታብኛል። ሁለተኛ ግድብ አለ?

ውሃ የበላው መሬት፦
ሁለተኛ ግድብ የለም። ከአንደኛው የወጣው ውሃ ነው በዋሻ የሚሄደው። 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ቆፍረው በፎፋ ተራራ ሥር አሳልፈው ወደ ኦሞ ሸለቆ ለቀቁት፤ ወደ 500 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል፣ 420 ሜጋ ዋት ይሰጣል። በጥር 2002 ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዋሻው ውስጥ ናዳ ወርዶ ቆመ፣ ወራት ፈጀ እንጂ ተጠገነ። በታኅሣሥ 2009 የተመረቀው ጊቤ ሦስት ነው ትልቁ፣ 1870 ሜጋ ዋት፣ ግን እሱ ወደ ታች ኦሞ ላይ ነው፤ ወላይታና ዳውሮ መሀል። የዚያ ውሃ መጨረሻ ቱርካና ሐይቅ ነው። የኛ አዌቱ ክረምት ላይ የጠረገው ላስቲክ ሁሉ መንገዱ እዚያው ነው።

የፎፋ ሰው፦
ፎፋ ሲነሳ ነቃሁ 😂 ሁላችሁም ከጅማ በኩል ሆናችሁ ነው የምታወሩት። ግልገል ጊቤ እኮ ሁለት ዳር አለው! እኛ የም የምንባል ሕዝቦች ከናንተ ማዶ ነን። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ሳጃ የምትባለው ቡና የምትጠጡባት ከተማ የኛ ናት፤ ብዙ ሰው ጅማ ዞን ውስጥ ያለች ይመስለዋል።

መምህር ስለ ቦዩና ስለ ኬላው የጻፉትን ወድጄዋለሁ፣ ግን ቦዩ በማን ላይ ነው የተቆፈረው? በኛ ላይም ነዋ። የም ከጅማ ጋር ዘመናት ተዋግቷል፤ የራሱ ንጉሥ፣ የራሱ ቤተ መንግሥት የነበረው አገር ነው። ተራራው ጠብቆት ነው የቆየው። በ1886 ዓ.ም. ገደማ ነው የምኒልክ ጦር በአባ ጅፋር እገዛ የያዘው። ከዚያ በኋላ ለረዥም ጊዜ ሰው በማይወደው ስም ሲጠራን ኖረ፤ እሱን አልደግመውም።

ወንዙን በተመለከተ እኛም እንደናንተው ነን። ሰዉ ጋራው ላይ ነው። ቆላውን የምንፈልገው ለማርና ለመድኃኒት ነው። መድኃኒት ስል አትሳቁ፤ ጥቅምት 17 ቀን በየዓመቱ ሳሞ ኤታ አለ፣ ሰው ቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ዕፅዋት ይለቅማል። ቅጠሉን፣ ሥሩን፣ ቅርፊቱን ለይቶ የሚያውቅ አዋቂ ይመራል፤ ወጣቱ ደግሞ ጆንያና ዶማ ይዞ ይከተላል። የዓመቱ መድኃኒት ከዚያ ቀን ነው የሚዘጋጀው። ሌላ ቀን ለምን አይሆንም ብለህ ብትጠይቅ ሽማግሌው ያፈጥብሃል። ለከብት የሚሆነውም አብሮ ይለቀማል፤ ዶክተር ከብት ይህን ቢያጠናው ደስ ይለኛል።

ዶክተር ከብት፦
አዲስ ነገር አይደለም፤ ገበሬው መጀመሪያ ያንን ሞክሮ ካልሆነለት ነው እኔ ጋ የሚመጣው። እመጣለሁ፣ ጥቅምት 17 ይዣለሁ።

ከአፋፉ ላይ፦
እኔም መምጣት እፈልጋለሁ፤ ሴት ይወጣል?

የፎፋ ሰው፦
ምን ማለትሽ ነው እህቴ፣ መጥተሽ እይው እንጂ! ጫማ ግን ጥሩ አድርጊ፣ ጥቅምት ቢሆንም ጤዛው ያንሸራትታል።

የቆጪ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአጎቴ ልጅ ይህን ሁሉ አንብቦ "እሺ፣ ግን ደነባን ግድቡ አሰፋው ብለዋል፣ ስለዚህ ግማሹ የኔ ነው" አለኝ። ምን ትሉታላችሁ እንዲህ ያለውን ሰው። መምህር፣ የኬላውን ነገር አልመለሱልኝም።

ጡረተኛው መምህር፦
አልረሳሁትም፣ እጄ በስልክ ሲጽፍ ስለሚዘገይ ነው። ኬላና ቦይ ለማግኘት መጽሐፍ ብቻ አትከተል። ከጅማ ወደ ሰርቦ፣ ወደ ሸቤ፣ ወደ ዴዶ የሚወጡትን የድሮ የበቅሎ መንገዶች ያዝ፤ አስፋልቱን አይደለም፣ አስፋልቱ ብዙ ቦታ የጥንቱን መንገድ ትቶት ነው የሚሄደው። አቅጣጫውን ለማወቅ ሐሙስ ዕለት ከገጠር ወደ ሂርማታ በእግራቸው የሚመጡትን እናቶች ጠይቃቸው፤ ቅቤና ቡና ተሸክመው አሁንም በአቋራጩ ነው የሚመጡት። አንድ ጋራ ወርደህ ሌላው ከመጀመሩ በፊት፣ ዛፍ የበቀለበት ረዥም ጎድጓዳ ነገር ካየህ የዝናብ ጎርፍ ያወጣው ነው ብለህ አትለፈው። ጎርፍ ቁልቁለቱን ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ቦይ ግን አግድም ይሄዳል። እዚያው ቆመህ ያገኘኸውን ሽማግሌ "እዚህ ኬላ ነበር ወይ?" በለው። ኦሮምኛ የምትችል ከሆነ ደግሞ በኦሮምኛ ጠይቀው፤ በአማርኛ ከጠየቅከው ግብር ሊጥልብኝ የመጣ ነው ብሎ ዝም ይልሃል።